በእኔ በኩል ያለው ፍሬን

ሰኞ ማታ

የእኅቴ ልጅ ዛሬ መጣች። አንድ ሻንጣና አንድ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይዛለች። እናቷ በር ላይ አድርሳት ሄደች፤ ታክሲ አቁማ ስለነበር አልተቀመጠችም። «ወንድም ጋሼ፣ ጠባይዋ እስኪስተካከል አንተ ጋ ትቆይ። እኛን አልሰማ ብላለች። አንተን ትፈራሃለች» አለችኝ። እኔን የሚፈራ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን የሰማሁት ዛሬ ነው። መኪና መንዳት የማስተምራቸው ተማሪዎች እንኳ የሚፈሩት የግቢውን ግንብ ነው።

ልጅቱን በቤት ስሟ ድንቡሼ እንላታለን። ስትወለድ ጉንጯ ከፊቷ ቀድሞ ይታይ ስለነበር ነው። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አጥንቷ ይቆጠራል። ስሙ ግን እንዳለ አለ። ስምን ማን አውልቆ ይጥላል?

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት የሚናገረው ሬዲዮው ብቻ ነበር። ይህን ደብተር የጀመርኩትም ለዚያ ነው። ቀኑን ሙሉ «ማርሽ ቀይር፣ ስፔኪዮ እይ» ስል እውላለሁ፤ ማታ ሲሆን አፌ ሥራ ይፈታል።

ልጅቱን ያስተኛኋት ባለቤቴ ታማ በተኛችበት ክፍል ነው። ሌላ ክፍል የለኝም። የባለቤቴ ልብስ፣ መነጽሯ፣ መድኃኒቶቿ ገና መሳቢያው ውስጥ ናቸው። አነሣቸዋለሁ ብዬ ነበር። አነሣቸዋለሁ።

ረቡዕ

ቆማ ትበላለች። «ተቀመጪ እንጂ ልጄ» ስላት ትቀመጣለች፤ ጨው ላመጣ ሄጄ ስመለስ ቆማ አገኛታለሁ። ከነጫማዋ ትተኛለች። አንሶላውን የማጥበው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ።

ጠባይዋን ግን ገና አላየሁትም። «እሺ አጎቴ» ከማለት በቀር ምንም አላጠፋችም። እኅቴ የትኛውን ጠባይ ነው የላከችብኝ?

ቅዳሜ

ሻይ ስታፈላ ከኋላዋ ጠራኋት። ዝም። ደግሜ ጠራኋት። ዓይኗ ተከፍቶ፣ ውሃው እየገነፈለ፣ ዝም። እጄን ትከሻዋ ላይ ሳሳርፍ ብርጭቆው ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። ምንም አላልኳትም። ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች። ስባሪውን ጠርጌ ስጨርስም እዚያው ናት። «ምን እያየሽ ነው?» አልኳት። «ምንም» አለች። እኔም ቀርቤ አየሁት። ግድግዳው ቀለም ያስፈልገዋል።

ጆሮዋን ሳያማት አይቀርም። ማክሰኞ ተማሪ የለኝም፤ እወስዳታለሁ።

ማክሰኞ

የጆሮ ሐኪሙ በመብራት አየ፣ በማሽን አየ፣ ከኋላዋ ሆኖ አንሾካሾከላት። ሁሉንም መለሰችለት። «ይሄ የድመት ጆሮ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ስጠራት ለምን አትሰማኝም?»

«እኔ የማየው በሩን ነው፤ ከበሩ ወዲያ ማን እንዳለ የሚያይ ሌላ ሐኪም አለ» ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ቀልዱን አልወደድኩለትም። ጆሮዋ ደህና በመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ግን ቅር ብሎኝ ወጣሁ። ጆሮ ቢሆን ይሻል ነበር። ጆሮ ጠብታ አለው።

ሐሙስ

ትምህርት ቤት ተጠራሁ። አንድ ልጅ ለቀልድ የክፍሉን በር ከውጭ ሲዘጋው ድንቡሼ ወንበር አንሥታ በሩ ላይ ወርውራለች። የክፍሏ መምህርት ደግ ሴት ናቸው። «አብዛኛውን ጊዜ ትተኛለች፤ ሳትተኛም የለችም። ሰነፍ ብዬ እንዳልቀጣት ሰነፍ አይደለችም» አሉኝ። የሒሳብ መምህሩ እያለፉ፣ «ያቺ ቀዥቃዣ የእርስዎ ናት? በጊዜ ይያዟት» አሉ።

ወንበሩን ወስጄ እግሩን ጠግኜ መለስኩ። ልጅቱን በመንገድ ላይ መከርኳት፤ ስለ ትዕግሥት። እሺ አጎቴ አለች። ምክሬ ጥሩ ነበር። ሁለት ጥቅስ ነበረው።

ዓርብ ማታ

የማስተምርበት መኪና ሁለት ፍሬን አለው፤ አንዱ በተማሪው እግር ሥር፣ አንዱ በእኔ በኩል። መሪ የለኝ፣ ነዳጅ የለኝ፣ ያለኝ ፍሬን ብቻ ነው። ጡሩምባ የምንለው ባልደረባዬ ተማሪው አጥሩን እስኪነካ ይተወዋል፤ «ካልነካ አይማርም» ይላል። እኔ ገና ሳይሳሳት እረግጣለሁ። ዛሬ ጨርቅ ነጋዴዋ ተማሪዬ መሪውን ለቃ፣ «አሠልጣኝ፣ የምነዳው እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?» አለችኝ።

«እርስዎ ነዎት» አልኳት፣ ፍሬኑን እንደረገጥኩ።

ጡሩምባ ሰምቶ፣ «ይሄ ሰውዬ እኮ በሠርጉ ቀን ሙሽራዋ እሺ ልትል ስትል ፍሬን ይዞ ነው ያስደነገጣት!» ብሎ ግቢውን በሳቅ አፈረሰው። ይሣቁ። በእኔ መኪና ሰው ተጎድቶ አያውቅም።

ድንቡሼን ከትምህርት ቤት ይዣት ስመለስ ዝናቡ ወረደ። መንገዱ ተዘግቶ ቆመን ሳለ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ «አጎቴ፣ እቤት እያለሁ ማታ ማታ እሱ ሲመጣ…» አለች።

«ቀበቶሽን እሰሪ» አልኳት።

«እሺ» አለች።

ቀበቶዋን አስራ ነበር።

እሑድ

እኅቴ ደወለች። «ተሻላት?» አለችኝ። «ምኗን?» አልኳት። ከበስተኋላዋ የባሏ ድምፅ፣ «ስልኩ ረዘመ እኮ» አለ፤ እየሣቀ ነው። «ሰላም ይልሃል» ብላኝ ዘጋች።

አማቼ የድንቡሼ የእንጀራ አባት ነው። ወላጅ አባቷ ሳታውቀው ሞቷል። አማቼ የተከበረ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። በቤተ ክርስቲያን ከፊት ነው የሚቆመው። ባለቤቴ ባረፈች ጊዜ ሣጥኗን ከፊት በኩል የተሸከመው እሱ ነበር፤ በዚያ ጭቃ አንዴም አላዳለጠው። መልካም ሰው ነው።

ይህን የጻፍኩት ማንም ጠይቆኝ አይደለም።

ሐሙስ

ስትበላ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጋ፣ «አጎቴ አንድ ነገር ልንገርህ?» አለችኝ። ዜና ሰዓት ነበርና «ዜናው ይለፍ» አልኳት። ዜናው ስለ መንገድ ጥገና ነበር። ሲያልቅ ክፍሏ ገብታለች።

እሑድ

የመነጽሬ እግር ስለተሰበረ የባለቤቴን ላውጣ ብዬ መሳቢያውን ከፈትኩ። ለእንቅልፍ ይሰጧት የነበረው የክኒን ጠርሙስ ቀሎኛል። ሌላውም ቀሎኛል። መድኃኒት ሲቆይ እንደ ቤንዚን ይተናል እንዴ ብዬ አሰብኩ። ይህን ሐሳብ ከምሳ እስከ እራት ይዤው ቆየሁ።

ሰኞ ማታ

አይተንም።

ፍራሿ ሥር አገኘሁት፤ በመሐረብ የተቋጠረ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠራኋት። አልካደችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እዚህ ከመምጣቴ በፊት የእማን እወስድ ነበር» አለች።

እኅቴ የእንቅልፍ ክኒን እንደምትውጥ አላውቅም ነበር። ልጅ ሆና ከበሮ ቢመታባት አትነቃም ነበር።

ያለውን ሁሉ ሰብስቤ፣ ከፍራሹም ከመሳቢያውም፣ ሽንት ቤት ጨምሬ ውሃ ለቀቅኩበት። የባለቤቴ እጅ የነካው የመጨረሻው ጠርሙስም ሄደ። ድንቡሼ በር ላይ ሆና ታይ ነበር። «ሁሉንም?» አለች። «ሁሉንም» አልኳት። «እንዴት ልተኛ ነው?» አለች። «ጸልየሽ ተኚ» አልኳት። ስብከት ጨመርኩበት። የዛሬውስ ሦስት ጥቅስ ነበረው።

ጌታ ሆይ፣ በጊዜ ስላሳየኸኝ ተመስገን። ዛሬ የቤት አባወራ ሆኛለሁ።

ማክሰኞ

አልተኛችም። ላብ። ጣቷ ማንኪያ አይዝም። ያልፋል አልኳት። ሲጋራ ሳቆም እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር።

ሐሙስ

ሆስፒታል። ኮሪደር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ጠዋት። ወጥ ቤት። ወደቀች። ሰውነቷ ተገተረ፣ ጥርሷ ተነካከሰ፣ ዓይኗ ነጭ። ስሟን ጠራሁ። ጎረቤታችን ሴትዮዋ ደርሳ «ጋኔን ነው! መስቀል አምጡ!» አለች። እኔ መኪናውን አመጣሁ። እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ቀይ መብራት የጣስኩ ይመስለኛል። ከጨዋታ ውጭ፣ የጣስኩ ይመስለኛል።

አሁን ተኝታለች። ትተነፍሳለች። አንድ ሴት ሐኪም መጥታ ትጠይቀኛለች ተባልኩ።

ሐሙስ ማታ

ሐኪሟ የአእምሮ ሐኪም ናት። ወጣት ናት፤ ፊቷ ያልተኛ ሰው ፊት ነው። መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «አባት፣ ክኒኑን ማን አስቆማት?» ብላ ነው።

«እኔ።»

«እንዴት?»

«በአንድ ጊዜ።»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ክኒን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም እንዲህ ተንቀጥቅጦ ይወድቃል፣ ሊሞትም ይችላል፣ የሚቆመው ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው አለችኝ። እኔ ፀጉሬ እስኪሸብት «በእርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን በአንዴ አትርገጡ፤ መኪናው ይገለበጣል» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ለፈተናም አወጣዋለሁ። ብዙ ሰው ይወድቅበታል።

ዓርብ

ቄሱ ሊጠይቁን መጡ። ጎረቤቷ ያለችውን ነገርኳቸው፤ ጋኔን ከሆነ ልጅቱን ወደ ጸሎት ልውሰዳት አልኳቸው። ጢማቸውን አሽተው፣ «ልጄ፣ ጸሎቱን እኔ እይዛለሁ፣ አንተ ሐኪሟን ያዝ። ሁለታችንም አንድ ሥራ ላይ ከተረባረብን ሌላው ሥራ ይቀራል» አሉኝ። ሲወጡ ደግሞ ዞር ብለው፣ «የሸሸገችው ነገር ካለ አትቸኩልባት፤ አትሽሽባትም» አሉ።

የኋለኛውን ለምን እንዳሉኝ አልገባኝም።

ሰኞ ማታ

ዛሬ ለሐኪሟ፣ «የበሽታውን ስም ንገሪኝ። አንድ ስም» አልኳት። አንድ አይደለም አለች። በመጀመሪያ፣ ለዓመታት ተደጋግሞ የደረሰባት ክፉ ነገር አለ፤ ሰውነቷ ያ ነገር አሁንም እየደረሰባት ያለ ይመስለዋል፤ ስጠራት የማትሰማኝ ለጊዜው እዚህ ስለሌለች ነው። በዚያ ላይ ድባቴ አለባት። በዚያ ላይ ለመተኛት የጀመረችው ክኒን ሱስ ሆኖባታል። «አንዱን አክመን ሌላውን ብንተው፣ የተተወው የታከመውን ይመልሰዋል። ሦስቱንም አብረን፣ ቀስ ብለን ነው» አለችኝ።

ምን ደረሰባት አልኳት። «እሷ ስትነግረን እንሰማለን» አለች።

ከዚያ ድንቡሼን፣ «ማታ ምንድን ነው የሚያስፈራሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ጨለማ ትፈራለች» አልኩ።

«አባት፣ ጥያቄው ለእሷ ነው።» ድጋሚ ጠየቀቻት፦ «ማታ ማን ይመጣ ነበር?»

ድንቡሼ አፏን ስትከፍት፣ «ውሃ ልቅዳልሽ?» አልኳት።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «አባት፣ ወጣ ብለው ሻይ ይጠጡ። ቀስ ብለው ይጠጡት» አለችኝ። ቀስ ብዬ ጠጣሁ። ሻዩ መጥፎ ነበር።

ረቡዕ

እኅቴና ባሏ ሊጠይቁ መጡ። ብርቱካን ይዘዋል። እሱ ሁሉንም ነርስ ሰላም አለ፤ የአጠገባችንን በሽተኛ ሳይቀር እግዜር ይማርሽ አላት። ወደ አልጋው ቀርቦ «እንዴት ነሽ የኔ ልጅ» አለ፤ ለስለስ ባለ ድምፅ።

ድንቡሼ ከአልጋዋ ወረደች። ግሉኮሱ እጇ ላይ እንደተሰካ፣ ማንም ሳያዛት፣ ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች። ቧንቧው ተወጥሮ ደም መለሰ።

ምናልባት እግሯ ደንዝዟት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሲተኙ እግር ይደነዝዛል።

ነርሷ ልጅቱን አላየችም። ሰውየውን ነው ያየችው፤ ብዙ አየችው። እኅቴ ብርቱካን ትልጥ ነበር። ማንም የማይበላውን ብርቱካን እስከ መጨረሻው ላጠችው።

ረቡዕ ማታ

አልደነዘዛትም።

ሐሙስ ማታ

ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታኝ፣ «ልትነግርዎ ሞክራ ታውቃለች?» አለችኝ። «አይ» አልኳት። ወዲያው፣ ያለማመንታት፤ ለምስክርነት እንደ ተጠራ ሰው።

ቤት ስገባ እራት አልቀመስኩም። ቀበቶ። ዜና። ውሃ። ሌላም አለ፤ አንድ ቀን የመንገድ ምልክት አሳየኋት፤ አንድ ቀን ሳቅኩ። እያንዳንዷን ጊዜ ተጠራጥሬ አይደለም የረገጥኩት። አውቄ ነው ማለትም አይደለም። ግንቡን ሳላይ እግሬ ያያል፤ ሙያዬ ነው።

የፈራሁት ምን ነበር? ሣጥን የተሸከመ ሰው ክፉ ይሆናል ብሎ ማሰብ? ወይስ እኅቴ እያወቀች ብርቱካን ትልጣለች ብሎ ማሰብ? መዝሙረ ዳዊት ገለጥኩ፤ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ ቀርቶ አደረ። ጌታ ሆይ፣ ጆሮ ሐኪም ጋ የወሰድኩት የማይሰማውን ሰው አልነበረም።

ነገ ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ «አይ» ያልኩትን ቃል አነሣለሁ።

ዓርብ

አነሣሁ። «አውቄዋለሁ» አለችኝ ብቻ።

ሰኞ ቤተሰቡ ሁሉ ይሰበሰባል። ድንቡሼ ከሆስፒታል ስትወጣ የት እንደምትገባ ይወሰናል። አማቼ «ቤቷ ትመለስ፤ እኛ እናስታምማታለን» ብሏል። የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛም ትመጣለች። ልጅቱ ልትናገር ፈቅዳለች፤ እኔም እዚያ እንድሆን ራሷ ጠይቃለች። ሐኪሟ ምክር ሰጠችኝ፦ «አንድ ሥራ ብቻ አለዎት። ዝም ማለት።»

ለጡሩምባ ሰኞ ተማሪዎቼን እንዲይዝልኝ ለመንኩት። «ምን ልትሠራ?» አለኝ። «ዝም ልል» አልኩት። «ይሄማ የሙሉ ቀን ሥራ ነው» አለ። ያዘልኝ።

ሰኞ ማታ

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ማራገቢያው ይንጫጫል። ሐኪሟ፣ የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛዋ፣ እኅቴ፣ ባሏ፣ እኔ። ድንቡሼ በሩ አጠገብ፣ ሹራቧን ለብሳ።

ሐኪሟ ጠየቀቻት። ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። «ልጅቱ ደክሟታል» የሚለው ቃል ጥርሴ ድረስ መጣ። ቀኝ እግሬን አየሁት፤ ወለሉን ረግጦ ይዟል። አነሣሁት።

«ማታ እማን ከመታት በኋላ ወደ እኔ ይመጣል» አለች። «ግድግዳ ይዘሽ ቁሚ ይለኛል። እስኪነጋ ነው። ከተቀመጥኩ ወይ ከተኛሁ እማን እንደገና ይመታታል። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ነው። አንዳንዴ ይረሳኛል፤ መርሳቱን ግን ስለማላውቅ እቆማለሁ።»

በአንድ ድምፅ ነው የተናገረችው፤ የአውቶቡስ ፌርማታዎችን እንደሚጠራ ሰው።

አማቼ አዝኖ ራሱን ነቀነቀ። «ልጅ ናት። ታማለች። ሐኪሟ ራሷ ታማለች ብላናለች እኮ። የአእምሮ በሽተኛ ቃል ተይዞ ቤት ይፈርሳል?»

«ሕመሟ ይህን እንድትፈጥር የሚያደርጋት አይደለም» አለች ሐኪሟ። «ይህ ነው ያሳመማት።»

እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ ነበር። «ጋሼ፣ አንተ ታውቀኛለህ። የሚስትህን ሣጥን በዚህ ትከሻ ተሸክሜያለሁ።»

«ተሸክመሃል» አልኩት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጅቱ እኔ ቤት ትኖራለች። እኔ አምኛታለሁ።»

ያልኩት ይችው ናት። ብዙ ይጠቅሙኛል ብዬ የያዝኳቸው ጥቅሶች አንዱም አልመጡ።

ተነሣ። እኅቴም እሱ ሲነሣ ተነሣች። «ትቀሪያለሽ?» አለቻት የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛዋ። እኅቴ ወደ በሩ ሄደች። ስትወጣ የልጅቷን ሹራብ የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈችላት። ልጅቷ እናቷ ኮሪደሩን እስክትጨርስ አየቻት። ቁልፉን ግን አልፈታችውም፤ አንገቷን ቢያንቃትም።

ከእኔ ጋር እንድትኖር ተወሰነ። ሌላው ነገር በሕግ ይታያል ተባለ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን። አማቼ ከፊት ቆሟል፣ እንደ ድሮው። በእኔ ግራና ቀኝ ሰፊ ቦታ ተገኘ። አንዲት አሮጊት ብቻ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። በኋላ እንደተረዳሁት ወሬውን አልሰሙም፤ ምሰሶው ስላለ ሊደገፉት ፈልገው ነው።

የማሠልጠኛው ባለቤት ጠርቶ፣ «ስለ አንተ መጥፎ ነገር ተነግሮኛል፤ የሰው ትዳር አፍርሰሃል ይላሉ» አለኝ። ጡሩምባ ከበሩ ላይ፣ «እሱ? እሱ ማርሽ እንኳ አፍርሶ አያውቅም!» አለ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ምንም አላለኝም። ጡሩምባን አመስግኜው አላውቅም፤ ዛሬም አላመሰገንኩትም። ጮክ ብሎ «ምን አልክ?» ስለሚል ነው።

ረቡዕ

ሕክምናው ይህን ይመስላል። ክኒኑ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል፤ የምሰጣት እኔ ነኝ፤ ቁልፉ ከእኔ አይለይም። ሐኪሟ ዘንድ ትመላለሳለች። ወደዚያ ሌላ ዓለም መሄድ ስትጀምር እግሯ የረገጠውን፣ እጇ የነካውን፣ ዓይኗ ያየውን እየጠራች ትመለሳለች፦ ወለል፣ ፎጣ፣ አጎቴ፣ የአጎቴ ራሰ በራ። የመጨረሻውን የጨመረችው ራሷ ናት።

እኔም የቤት ሥራ አለኝ፦ ከኋላዋ አልመጣም፣ ከመግባቴ በፊት ድምፅ አሰማለሁ። ስለዚህ በገዛ ቤቴ እያሳልኩ እዞራለሁ። ጎረቤቷ የሳል መድኃኒት አመጣችልኝ።

ቅዳሜ

መጥፎ ቀን። ክኒን ጨምርልኝ አለች፤ አይሆንም አልኳት። ጮኸችብኝ። «አንተም ከእነሱ አንዱ ነህ! ስነግርህ ዜና ታዳምጥ ነበር!» ሳህኑን ወለሉ ላይ ፈጠፈጠችው። ከዚያ ወደ ግድግዳው አየች። እኔም አየሁት። አልሄደችም። መሀል ወለል ላይ ቆማ ቀረች።

«እውነትሽን ነው» አልኳት። «ዜና አዳምጥ ነበር።»

ሐኪሟ ስነግራት፣ መጮኋ ጥሩ ምልክት ነው አለች። ጥሩ ምልክት ጆሮ ያደነቁራል። ሳህኑ ከጥሩዎቹ አንዱ ነበር።

ማክሰኞ

ተኛች። ዛሬ ያለው ይኸው ነው።

ዓርብ

አልተኛችም። ሐኪሟ ቀድማ ነግራኛለች፤ መሰላል አይደለም፣ ወደ ኋላም ይኬዳል ብላ። ገብቶኛል አልኳት። ማታ ማታ አይገባኝም።

እኅቴ ከዚያ ቀን ወዲህ አልደወለችም። ብደውል ስልኩን እሱ ያነሣና «ደህና ናት» ይላል፤ በዚያው ለስላሳ ድምፅ። አማኑኤል ሆይ፣ አንዷን አወጣህ፤ ሁለተኛዋን ረሳሃት ብዬ እንዳልወቅስህ አፌን ጠብቅልኝ።

እሑድ

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። እኅቴ ናት። ጠባብ ቦታ ውስጥ ሆና የምትናገር ይመስል ድምፅዋ የታፈነ ነው። «ወንድም ጋሼ፣ እንዳትጠራት። ደህና መሆኗን ብቻ ንገረኝ።»

«ደህና አይደለችም፤ ግን እየተሻላት ነው» አልኳት።

ማልቀሷን የሰማሁት ስላልተነፈሰች ነው።

ድንቡሼ እጇ የሳሙና አረፋ እንደያዘ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «ማን ነው?»

የተሳሳተ ቁጥር ነው ልላት ነበር። ክኒኑ የሚቀነስበት ሳምንት ነው፤ ትናንት አልተኛችም፤ ይህን ሰምታ እንደገና ብትወድቅስ? ይህ ሁሉ እውነት ነው።

«እናትሽ ናት» አልኳት።

ቆማ ስልኩን አየችው። ከዚያ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ዘረጋችልኝ። ሰጠኋት። ትንሽ አዳመጠች። «እማ፣ እሱ እቤት አለ?» አለች። ቀጥላም፣ «እሺ። እንግዲያው አንቺ አትናገሪ። እኔ እናገራለሁ፤ አንቺ ስሚኝ ብቻ።»

ወጣሁ። መኪናውን አጠብኩት። ጠዋት ታጥቦ ነበር፤ ደግሜ አጠብኩት። በመስኮቱ በኩል ድምፅዋ ይመጣል፤ ቃሉ አይለይም። ይቆምና ይቀጥላል። ጎማዎቹንም አጠብኩ።

እያሳልኩ ስገባ ስልኩ ቦታው ላይ ነው፤ እሷ ወደ ዕቃዎቿ ተመልሳለች። ፊቷ አብጧል።

«ትመጣለች?» አልኳት።

«እንጃ፤ ያንን አልጠየቅኳትም» አለችና አንድ ሳህን አለቀለቀች። «ግን አልዘጋችብኝም።»